ከጥቁሩ ቀለም በታች

ልዑልቃል መጀመሪያ ያየው ጫማዋን ነው። ሌክ ሲቲ፣ በአጎቱ ግቢ ውስጥ፣ ከአንዲት አረንጓዴ መኪና ሥር ተንጋሎ ጥቁር ቀለም ይረጫል። ከጎማው ወዲያ ሁለት ነጭ ሸራ ጫማዎች መጥተው ቆሙ።

«ሄሎ? ከሥር ሰው አለ?»

ሊነሣ ሲል ግንባሩ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ተንፏቆ ሲወጣ ፊቱ የድስት ቂጥ መስሏል። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

«ይቅርታ... አስደነገጥኩህ?»

«ኧረ በፍጹም! ሁልጊዜ ስወጣ እንዲህ እጋጫለሁ።»

ይህን ብሎ ራሱ አፈረ። እሷን ግን ጭራሽ ሳቁ ባሰባት።

«ጋሽ ይርጉ የሚሸጧት ይቺ ናት አይደል? የኔ እኮ ናት! የዛሬ ስምንት አባዬ ሊገዛልኝ ነው።»

የቀለሙ ጣሳ እጁ ላይ ከበደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋን አጎቱ ጋሽ ይርጉ ከኦሃዮ በጨረታ አስመጥተዋታል። እዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ላይዋ ሙሽራ ነው፤ ሥሯ ግን በስብሶ አልቋል። ሻንሲዋ፣ መላ አካሏን የተሸከመው የሥር ብረት፣ የፊት ጎማው አጠገብ ተሰንጥቆ ነበር። «ቆርቆሮ በይድበትና ደህና አድርገህ ቀባው» አሉት። በየደ፤ ቀባ። ዲቪ ሲደርሰው ስፖንሰር ሆነው የፈረሙለት፣ ኤርፖርት የተቀበሉት፣ ማደሪያ የሰጡት እሳቸው ናቸው። እምቢ የሚልበት አፍ ከየት ይምጣ? ገዢውም ያኔ ፊት አልነበረውም። አሁን ግን ፊት አገኘ፤ ያውም ሲስቅ ጉንጩ የሚሠረጉድ ፊት።

ማርያማዊት ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

«ኤለንስበርግ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ» አለችው። «በየሳምንቱ ተራራውን መሻገር አለብኝ። ሶ፣ ትንሽ፣ ግን ጠንካራ ኤስዩቪ ነው የምፈልገው። ፎር ዊል ድራይቭ፣ ከፍ ያለች። አንተ ሜካኒክ ነህ አይደል? ሴፍ ናት?»

የስኖኳልሚ ተራራ! ያ በረዶ፣ ያ ቁልቁለት፣ ያ ጎን ለጎን የሚከንፍ የጭነት መኪና...

«እ... በደንብ አላየኋትም።»

ውሸቱን ነው።

«እሺ፣ ስታያት ቴክስት አድርግልኝ» ብላ ቁጥሯን ሰጠችው።

ዝምታ ወርቅ ነው ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ቀለም ቀብተው አያውቁም። ልዑልቃል በየቀኑ ጻፈላት፤ ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ኤርባግ፤ ከዋናው ነገር በቀር ስለ ሁሉም። እሷም በየቀኑ መለሰችለት። ማክሰኞ ላይ ጨዋታቸው መኪናን አልፎ ሄዶ ነበር። ወደዳት። የሚወዳትን ልጅ በገዛ እጁ ወጥመድ ውስጥ እያስገባት መሆኑን እያወቀ ወደዳት።

የኅዳሩ ዝናብ አላባራ አለ። ከአረንጓዴዋ መኪና ሥር ዝገት ያቀላው ውሃ ይንጠባጠባል። ልዑልቃል ጠዋት ተቀጥሮ ወደሚሠራበት ጋራዥ ሲወጣ በጫማው ያብሰዋል። ከሥራ ሲመለስ ውሃው እንደገና ቀልቶ ይጠብቀዋል።

ሐሙስ ዕለት ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ወሰዳትና ከአንዲት ግራጫ መኪና አጠገብ ተንበረከከ።

«መኪና ስትመርጪ ከላይ አትጀምሪ፤ ከሥር ጀምሪ። ብረቱን እይው፣ ንጹሕ ነው። ይቺን ውሰጂ፣ እባክሽ!»

«አረንጓዴዋስ ምን ሆነች?»

«ምንም... ይቺ ትሻላለች ብዬ ነው።»

በዚህ መሐል ልዑልቃል ጋራዥ መኪና የሚያሠራው ሻጭ «ሃይ ልዑል!» ብሎ በስሙ ጠራው። የማርያማዊት ፊት ተለወጠ።

«ኦኬ። ኮሚሽንህ ስንት ነው?»

«ምን?»

«ሰው ስታመጣለት የሚሰጥህ! እኔ ደግሞ... እኔ ደግሞ ለኔ ብለህ መስሎኝ...»

ጥላው ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሣችም። «መኪናዋ የበሰበሰች ናት» ብሎ ጻፈ፤ ሳይልከው ደመሰሰው። ይልቅ አጎቱን ልለምን አለ።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ሰው ትገድላለች።»

ጋሽ ይርጉ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «የበየድካት አንተ፣ የቀባሃት አንተ። ብትገድል ማን ሊጠየቅ ነው?»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የማርያማዊት አባት አቶ ኃይለ መስቀል ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ማርያማዊት ልዑልቃልን እንዳላየች ሆነች።

«ጋሽ ኃይለ መስቀል» አለ ልዑልቃል፣ «ሌላ ጋራዥ ወስደው ቢያስመረምሯትስ?»

ሰውየው ተቆጡ። «ምን አልክ? እኔና ይርጉ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ማኅበር ጽዋ የጠጣን ሰዎች ነን። መኪናህን ላስመርምር ልበለው? ነውር አይደለም እንዴ!»

ጋሽ ይርጉ ፈገግ ብለው ቁልፉን ዘረጉ። ማርያማዊትም ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

ልዑልቃል ከዚያ በኋላ ያደረገውን አላሰበበትም። ከመሣሪያ ሣጥኑ ካቻቪቴ መዞ፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ በጀርባው ተኛና ጥቁሩን ቀለም ወጋው። ብረቱ እንደ ዳቦ ተበሳ። ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ፤ ቡናማ ዝገት ደረቱ ላይ ረገፈ።

«ጎማውን የያዘው ይኼ ነው!» አለ ከሥር። «ተራራው ላይ ይለቃታል!»

አቶ ኃይለ መስቀል ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ያዙ። «ይርጉ! ልጄን?»

ጋሽ ይርጉ ወደ ልዑልቃል ዞሩ። «ያጎረስኩህን እጅ ነከስክ! ውጣ ከቤቴ!»

ማርያማዊት አልጮኸችም።

«ቀለሙን የቀባው ማነው?»

አጎቱ ላይ ማላከክ ይችል ነበር። «እኔ ነኝ» አለ። «ብየዳውም የኔ ነው።»

«ያን ቀን... ስንገናኝ... ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስምንት ቀን!» እንባዋ ወረደ። «ስምንት ቀን ሙሉ እያሳቅከኝ!»

«ፈርቼ ነው። መጀመሪያ ጋሼን ፈራሁ። ቆይቶ ደግሞ አንቺን ማጣት ፈራሁ።»

«እኔም ስምንት ቀን ዝም እልሃለሁ። ዝምታ ምን እንደሚመስል እየው። መልሴን የዛሬ ስምንት ትሰማለህ፤ እስከዚያ እንዳትደውልልኝ።»

ልዑልቃል ሻንጣውን ይዞ ማውንትሌክ ቴራስ፣ ጓደኛው ሙላው ቤት ገባ። ሶፋ ላይ ያድራል፤ ጠዋት ጋራዡ ይሄዳል። ቀኑ አልገፋ አለው።

ሐሙስ ተራራው ላይ በረዶ ጣለ። እኩለ ቀን ላይ የጋራዡ ሬዲዮ አንዲት ትንሽ ኤስዩቪ ከመንገድ ወጥታ ገደል መግባቷን ተናገረ። ስም የለ፣ ቀለም የለ። ማርያማዊት በምን መኪና እንደሄደች እንኳ አያውቅም። ስልኩን አወጣ፤ መልሶ ከተተው። እንዳትደውልልኝ ብላዋለች። አባቷ ጋ እንዳይሄድ ግን አልከለከለችውም። አቶ ኃይለ መስቀል በሬኒየር ቫሊ መስመር አውቶቡስ እንደሚነዱ ነግራው ነበር። ፌርማታው ላይ በዝናብ ቆሞ ሦስት አውቶቡስ አሳለፈና አራተኛው ላይ አገኛቸው።

«ጋሽ ኃይለ መስቀል... ማርያማዊት... ሬዲዮው...»

ሰውየው ፊቱን አይተው ገባቸው። «ደህና ናት ልጄ። አሁን ደውላለች። ሥራ ላይ ናት።»

የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ ሰው ወርዶ ሲያልቅ፣ አቶ ኃይለ መስቀል ወደ እሱ ዞሩ። «ይርጉ መኪናዋን ለብረት ቆራጭ ሰጥቷታል፤ ማኅበሩ ወጥሮ ያዘው። እኔም ነውር ነው እያልኩ ልጄን በእጄ ልቀብራት ነበር። አንተ ዘገየህ፤ እኔ ግን ጭራሽ አልጠየቅሁም።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጣራዋ ላይ በረዶ ያለባት ትንሽ ቀይ መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ማርያማዊት ወረደች።

«ራሴ ከሥሯ ገብቼ አየኋት» አለች። «ጃኬቴ ተበላሸ። ከዚያ ሁለት ጋራዥ አስመረመርኳት።»

«ጎበዝ» አለ።

«ሐሙስ የት እንደነበርክ አባዬ ነግሮኛል።» የመኪናዋን በር ዘጋች። «ከአሁን ወዲያ የምታውቀውን በዕለቱ ትነግረኛለህ። ክፉም ቢሆን።»

«በዕለቱ።»

«ማል!»

«ማርያምን!»

«ሶ... ዛሬ የምታውቀው ምንድን ነው?»

«እንደምወድሽ።»

ማርያማዊት ዐይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ቀና ስትል ጉንጯ ተሠርጉዷል።

«እኔም እወድሃለሁ፤ በጣም ተናድጄብህ እንኳ እወድህ ነበር። በል አሁን እጅህን ታጠብ። አባዬ ምሳ እየጠበቀን ነው።»