የጥላ ሰፊው መጨረሻ

«የሚያለቅስ ክፉ ምን ይሠራልኛል? ክፉ ማለት የሚያስፈራ ነው!» አለ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ።

«አንተ ቀንድ ካላበቀለ ክፉ አይመስልህም» አለችው ፋርማሲስቷ። «ጥላ ሰፊው ቤትህ ይመጣል፣ እንዴት ዋልክ ይልሃል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ተሰናብቶ ሲወጣ ጥላህ ካፖርቱ ላይ ተሰፍቷል። ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈራ?»

«እና ምን አደረገ? ቁልፍ ይዞ በር ላይ ተገትሮ ቀረ! እንደሱማ አከራዬም ይገተራል።»

«አልቀረም» አሉ ደራሲው።

ሦስቱም ዞር አሉ።

«በሩን ራሱ ከፈተው። የሰፋቸውን ጥላዎች አንድ በአንድ ተርትሮ ለቀቃቸው። መርፌውን ደፉ ላይ አስቀመጠና ያለ ጥላ ሄደ። ፈሪ ሰው ይህን አያደርግም።»

ኤሌክትሪሺያኑ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ከደራሲው ራስ በላይ፣ በካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው የማኅበሩ ብቸኛ ሕግ ተሰቅሏል፦ ማለቂያ አይነገርም።

በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰብስበው ስለ ምትሃት ልቦለዶች ያወራሉ። የሚወዱትን ክፉ ሰው እያነሱ ይከራከራሉ፤ ግማሹን የረሱትን መጽሐፍ ይተራረካሉ። ሁሉንም ያገናኛቸው ግን የጥላ ሰፊው መጽሐፍ ነው። በልጅነታቸው ያነበቡት አንዱን የትምህርት ቤት ቅጂ ነበር፤ ሽፋኑም የመጨረሻ ገጾቹም ተቀደው ጠፍተዋል። ታሪኩ በሩ ላይ ያልቃል። የዛሬ ሃያ ዓመት እኚህ ጸጉራቸው የነጣ ሰው መጡና «በወጣትነቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ደራሲው ሆነ። ማለቂያውን ግን በጉባኤ ተናግረው አያውቁም፤ ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው።

መጽሐፍ ጠራዧ ግራ ገባት። ግራ ያጋባት የሕጉ መፍረስ ብቻ አልነበረም፤ ሌላውን ለመናገር ግን እሷም ሕጉን ማፍረስ ይኖርባታል። ዝም ብላ ተነሣች። «አባባን ልጥራቸው። ዛሬ ጉድ አሳያችኋለሁ ብለው እስካሁን አልወረዱም።»

ሁሉም አባባ የሚሏቸውን ባለሱቅ ፎቅ ላይ፣ በመጋዘኑ መሰላል ሥር ተዘርግተው አገኘቻቸው። እጃቸውን ነካችው፤ ቀዝቅዟል። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ቢጫ እጀታ ያለው ካቻቢቴ ወድቆ አየች። የወንድሟ የኤሌክትሪሺያኑ ነው። እጀታውን በፕላስተር የጠቀለለችለት እሷ ናት፣ የሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

ልታነሣው ጎንበስ ስትል ፋርማሲስቷ ከደረጃው አናት ላይ ጮኸች።

*

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት፤ ጉንፋን ይዟት መሀረቧን ካንዱ እጅጌ አውጥታ በሌላው ትወሽቃለች። አብሯት የመጣው ፖሊስ «ከመሰላል ወድቀው ነው» ሲላት፣ ከሬሳው አጠገብ እንደተቀመጠች ራሷን ነቀነቀች።

«የማንበቢያ መነጽር አድርጎ መሰላል የሚወጣ ሰው የት አየህ? የሩቁ መነጽራቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ተቀምጠው ሲያነቡ ነበር።» ከሱሪያቸው ጉልበት ላይ ደቃቅ የወረቀት ብናኝ በጣቷ አነሣች። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ቢላዋ አለ፤ መጽሐፍ ግን የለም። ግድግዳው ሥር ሙጫ እስኪደርቅ መጻሕፍት ላይ የሚጫኑ አራት ብረቶች ተደርድረዋል። ሦስቱ አቧራ ለብሰዋል።

«አራተኛው ተጠርጓል፤ የተመቱት በሱ ነው» አለችና አስነጠሳት። «የኋላውን በር ቁልፍ እነማን ይዘዋል?»

«እኛ አራታችን» አለች ጠራዧ። ይህን ስትል የሦስቱን ፊት ማየት ፈራች። ሃያ ዓመት አብረው የተቀመጡ ሰዎች ወንበራቸውን ከየጎረቤታቸው ትንሽ ትንሽ ማራቅ ጀመሩ።

መርማሪዋ የጠራዧን ወንድም አስቀድማ አስገባችው። ጠራዧ ከበሩ ውጭ ሆና ድምፁን ትሰማለች።

«አምፖል ቀይሬ አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«መጽሐፋቸው ላይ በእርሳስ ጽፌ ነዋ! ‘ይህ ክፉ ሰነፍ ነው’ ብዬ ጻፍኩ። ከሱቅ አባረሩኝ። በዚህ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ካቻቢቴህን ረስተህ ወጣህ?»

«የኔ? የኔ እቤት ነው» አለ። ጠራዧ ውሸቱን አወቀች። ወንድሟ ልጅ ሆኖ ሲናደድ የሚያደርገውን ታውቃለች፤ እጁ ከአፉ ይቀድማል። ዛሬ ሲመጣ ደግሞ የሸሚዙ እጅጌ እርጥብ ነበር። እናታቸው ስትሞት «እሱን አደራ» ያለቻት ለሷ ነው።

ተራዋ ሲደርስ ገና ሳትጠየቅ «ወንድሜ ሙሉ ቀን ከኔ ጋር ነበር» አለች።

መርማሪዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «ይሄንን አልሰማሁሽም። ጉንፋኑ ጆሮዬን ደፍኖታል። ሌላ ነገር ልጠይቅሽ፤ አባባ ምን ነበር የሚያነቡት?»

ጠራዧ እንባዋን ዋጠች። «የጥላ ሰፊውን መጽሐፍ። ሙሉው ተገኘ። እኔ ነኝ አዲስ የጠረዝኩት፤ በአረንጓዴ ጨርቅ። ዛሬ ጠዋት አስረከብኳቸው። የመጨረሻው እጥፍ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው፤ ገጾቹ ጠርዛቸው አልተቆረጠም፣ በቢላዋ ካልተከፈቱ አይነበቡም። እኔ መቁረጥ ነበረብኝ፤ ‘ተይው፣ የሚከፍተው ሰው አለው’ አሉኝ።»

«የሚከፍተው ሰው አለው…» መርማሪዋ ቃሉን ደገመችው። «አንቺ አላየሽም?»

«ትንሽ… እጥፉን ገለጥ አድርጌ አጮለቅሁ። የሥዕል ጥግ ነው ያየሁት። ደፍ ላይ የተቀመጠ መርፌ።»

«አሁን ንገሪኝ። መጽሐፉ እንዴት ያልቃል?»

«ማለቂያ አይነገርም።»

«እኔ ልቦለድ ሳነብ ከመጨረሻው ገጽ ነው የምጀምረው። ባሌ በዚህ ሊፈታኝ ነበር። ንገሪኝ።»

ጠራዧ ካርቶኑን በበሩ ስንጥቅ አየችው። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ጆሮ ጠጋ አለች። «ሆስፒታል ተኝቼ ደራሲው ለኔ ብቻ ነገሩኝ። ቤቱ ይቃጠላል፤ ጥላ ሰፊው ከነጥላዎቹ ይነድዳል።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መሀረቧን ጠረጴዛው ላይ ረሳችው።

*

ከሰዓት በኋላው ብርሃን ሳይጠፋ አራቱን በጀርባ ክፍሏ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«መጽሐፉ ከዚህ አልወጣም» አለች። «ሁላችሁም ስትመጡ ባዶ እጃችሁን ነበራችሁ ብላችሁኛል፤ ከዚያ ወዲህም ማንም አልወጣም። ግን አራት ሺህ መጽሐፍ መሐል ምኑን ልፈልግ?» ወደ ጠራዧ ዞረች። «በእጅሽ ታውቂዋለሽ?»

ጠራዧ ተነሥታ መደርደሪያዎቹን በጣቷ እየዳበሰች ሄደች። አሮጌ ቆዳ፣ አሮጌ ካርቶን፣ ደረቅ፣ ደረቅ… ከእርሻ መጻሕፍቱ መሐል፣ ጀርባውን ወደ ውስጥ አዙሮ የተወሸቀ አንዱ ጋ ጣቷ ቆመ። ቀዝቃዛ ነው። ሙጫው ገና አልደረቀም።

ከፍታ የመጨረሻውን እጥፍ ስትነካው አንድ የወረቀት ቅጠል ተላቆ መሬት ወደቀ።

«ይሄ ለምን ወደቀ?» አለች መርማሪዋ።

«ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንድ ወረቀት መሐሉ ላይ ታጥፎ ይሰፋል። ግማሹን የቀደደ ሰው ጥንዱንም ይፈታዋል።» የስፌቱን ቦታ በጣቷ ነካች። «የመጨረሻው ቅጠል ተቀዷል። ዛሬ።»

«መልካም። አሁን ሕጋችሁን ላፍርስ። ለጠራዧ፣ ጥላ ሰፊው በእሳት ነደደ ተብሎ ተነግሯታል። ፋርማሲስቷ?»

ፋርማሲስቷ ተቅለሰለሰች። «እናቴን የቀበርኩ ዕለት… ሐይቅ ውስጥ ይሰጥማል አሉኝ። ለኔ ብቻ።»

«እንዴ!» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «በገዛ መቀሱ ይወጋል እንጂ! አንቴናቸውን ስጠግን ነው የነገሩኝ።»

«ሦስት ሰው፣ ሦስት ማለቂያ፣ ሦስት አደራ» አለች መርማሪዋ። «ሕጉ ስላሰራችሁ አንድም ቀን አላስተያያችሁም። ዛሬ ግን በክርክሩ መሐል አራተኛ ማለቂያ ሰማችሁ፤ መርፌው ደፍ ላይ። ጠራዧ ያጮለቀችው ሥዕል ይሄው ነው። እስከ ጠዋት ድረስ ጠርዙ እንደተያያዘ የነበረ፣ ማንም ያልከፈተው ገጽ። ከቀትር በፊት ያላወቀውን ከቀትር በኋላ ያወቀ ሰው እዚህ ተቀምጧል።»

ማንም ስሙን አልጠራም። ሁሉም ግን ወደ አንድ ወንበር አዩ።

«ካቻቢቴውስ?» አለች ጠራዧ።

«ወንድምሽ ስለ ክፉዎች እየተከራከረ ሲባረር ረሳው። ውሸቱን የዋሸው ደግሞ ፈርቶ ነው። እጅጌው የረጠበው የፋርማሲዋን ቧንቧ ሲፈታ መሆኑን እሷው ነግራኛለች። ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወደዚህ እስኪመጣ እዚያ ነበር። አባባ ደግሞ ሱቁን የዘጉት በስድስት ሰዓት ነው።»

ጠራዧ የወንድሟን እጅ ያዘች። «ጥላ ሰፊው አሁንም ሰነፍ ክፉ ነው» አላት በሹክሹክታ፣ እጇን ሳይለቅ።

መርማሪዋ ወደ ደራሲው ቀረበች። «ጋሼ፣ አንባቢ ወረቀት ያቃጥላል ብዬ አላምንም። የመነጽርዎን ቤት ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ሰጧት። ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ ቅጠል ነበር።

«በስልክ ጠሩኝ» አሉ ቀስ ብለው። «‘መጽሐፍህ ተገኘ፤ ልጆቹ ሳይመጡ አንተው ክፈተው’ አሉ። ሊያከብሩኝ። እሳቸው ሲቆርጡ እኔ ሳነብ… እንዲህ ያምራል ብዬ አልገመትኩም። ከዚያ የመጨረሻውን ገለጡ።»

«ሳቁብዎት?»

«አልሳቁም። ቢስቁ ኖሮ እተወው ነበር። ትከሻዬን ነኩና ‘አይዞህ፣ ለማንም አልናገርም’ አሉኝ። ያኔ ነው ብረቱን ያነሣሁት።» መዳፋቸውን አዩት። «ሃያ ዓመት ያላወቅሁትን ማለቂያ አወቅሁ። አንድ ቀን እንኳ እንደ ደራሲ ልናገረው አማረኝ።»

መርማሪዋ ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከላይ የመጨረሻዎቹ መስመሮች፣ ከታች አንዲት ሹራብ የለበሰች ወጣት ሴት ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ‘ደራሲዋ’ የሚል ቃልና ስሟ። ማንም አያውቃትም።

«ልጅ እኮ ናት» አለች ፋርማሲስቷ።

«ዞር በይ፣ ጥላሽ ጋረደው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «እህቴ፣ አንቺ አንብቢልን። ከበሩ ጀምሪ።»

ጠራዧ የወደቀውን ቅጠል ከጥንዱ ጋር አገጣጥማ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ድምጿ ይሰበር ነበር፤ ኋላ ተስተካከለ። ሦስቱም ራስ ለራስ ተጋጥመው ጎነበሱ። ቁልፉ ዞረ፤ ጥላዎቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ፖሊሱ የሽማግሌውን ክንድ ይዞ ወንበሩን ሳያንኳኳ ገፋው። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ጠራዧ መርፌው ደፍ ላይ የሚቀመጥበት መስመር ላይ ደርሳ ነበርና ገጹን በጣቷ ይዛ ቀጠለች።