ማዶን ያሸነፈው ሰው

ከሬሳው ይልቅ የሚያስጠላው ጠረጴዛው ነበር።

ሬሳውስ ሬሳ ነው። የሥዕል መምህሩ እንዳልካቸው ከወንበሩ ወድቆ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ባስታወከው መሐል በጎኑ ተጋድሟል። በአፉ ዙሪያ አረፋ ደርቋል። ክፍሉ በነጭ ሽንኩርትና በአረቄ ሽታ ታፍኗል፤ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ጉሮሮ የሚይዝ የመድኃኒት ሽታ አለ። ጠረጴዛው ላይ ግን አንድም ነገር አልተዛነፈም። የጨዋታው ሰሌዳ ተዘርግቷል፤ ከእንጨት የተጠረቡት ትንንሽ ሰዎች ሁሉ ከተሣለው ወንዝ ባሻገር በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ ካርታዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ተደርድረዋል። ሰው እንዲህ ሆኖ ከሞተበት ቦታ አንድ ክንድ በማይርቅ ጠረጴዛ ላይ ይህን ያህል ጥንቃቄ ማየት ከሬሳው ይብሳል።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ሲያስጠላት ፊቷን የማትደብቅ ሴት ናት። አፏን ጠመም አድርጋ ጓንቷን አጠለቀችና ሰሌዳው ላይ አጎነበሰች። በወንዙ መሐል ገመድ የተሣለበት ካርታ ተጋድሟል። ካርታው ላይ ትውከት ደርቋል፤ ከሥሩ ያለው ሰሌዳ ግን ንጹሕ ነው። ከሟቹ ደረት ሥር ደግሞ ሌሎች ሁለት ካርታዎች ተጨማደው ይታያሉ።

«እመቤቴ፣ ይህ ነገር እኮ አልቋል» አለ ሳጅን አላምረው፤ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከበሩ አላለፈም። «ከወንበሩ ሥር ያለው ብልቃጥ የበግ መዥገር መድኃኒት ነው። ባለቤቱ አስናቀው የሚባል የመካነ ብርሃን በግ ነጋዴ ነው፤ የሟቹ የአጎት ልጅ። ይዘነዋል። አዛዡም ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቅረብ ብለዋል።»

«መድኃኒቱን በምን ጠጣው?»

«ለጉንፋን ብሎ ነጭ ሽንኩርት በዘፈዘፈበት አረቄ ነው። ሽታውን ያ ሸፍኖታል።»

ከግቢው የሟቹ ሚስት የጽጌሬዳ ጩኸት ይሰማል። ጽጌሬዳ ትናንት የታመሙ እናቷን ልትጠይቅ ፀዳ ወደምትባለው መንደር ሄዳ አድራ፣ ከቅዳሴ መልስ ቤቷን ስትከፍት ነው ባሏን እንዲህ ያገኘችው።

«አስናቀው ነው!» ትላለች። «በመሬት ወሰን የተጣሉት አባቶቻቸው ናቸው፤ ታረቁ ስንል እሱ ቂሙን ይዞ ቆየ! ለባሌ ወንድሞችም ደውዬ ነግሬያለሁ! ገዳዩን ይወቁት!»

ሰርካለም ከሰሌዳው ቀና አለች። ሬሳው ተመርምሮ ነገ ጠዋት ወደ ትውልድ አገሩ መካነ ብርሃን ይሄዳል። እስከዚያ የአስናቀው ስም ካልነጻ የሟቹ ወንድሞች ፍርድ ቤት አይጠብቁም። የአስናቀው አባትና ወንድሞች ከእነሱ አጥር ማዶ ናቸው።

በጣቢያው አስናቀው እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ሲያለቅስ ያደረ ሰው ዓይን አለው ቢባል ሐሰት ነው፤ ገና ዛሬ ረፋድ ነው የሰማው፤ ገና አልገባውም።

«መድኃኒቱ የኔ ነው፤ አልክድም» አለ። «ለበጎቼ ብዬ ትናንት ገዛሁት። ከነቦርሳው እዚያው እንዳልካቸው ቤት ረስቼው ወጣሁ። አብረን የተጫወትነው ሁሉም አይተውታል። ዳኛው የሚባለው ጓደኛችንማ ‘ይህን በግ በግ የሚሸት ነገር ከአጠገቤ አርቅልኝ’ ብሎኝ ነበር።»

«ከእንዳልካቸው ጋር ትጣላላችሁ ይባላል።»

«አባቶቻችን ናቸው፤ እነሱም በሽማግሌ ታርቀዋል። እኔ ምን ሆኜ የአጎቴን ልጅ እገድላለሁ? ከሱ የበለጠ ሸጋ ሰው የት አገኛለሁ? እኔን እሰሩኝ፤ ግድ የለም። ሬሳው ከስሜ ጋር አገር ቤት እንዳይገባ ብቻ እለምንዎታለሁ። አባቴ አርጅቷል፤ ሮጦ አያመልጥም።»

«ጨዋታውን አስረዳኝ። እኔ ዳማና ገበጣ ነው የማውቀው።»

«ይህ እንደ ዳማ መበላላት የለበትም። ወይ ሁላችንም እናሸንፋለን፣ ወይ ሁላችንም እንሸነፋለን። ስሙ ‘ማዶ’ ነው፤ እንዳልካቸው ራሱ የሠራው። ወንዝ ሞልቷል፤ የመንደሩን ሰው በሙሉ ማሻገር አለብን። ካርታችንን ለሌላው አናሳይም፤ መነጋገርም ክልክል ነው። አንድ ሰው እንኳ ወዲህ ከቀረ ሁላችንም ወደቅን።»

«ትናንት አሸነፋችሁ?»

«የት! አሸንፈነው አናውቅም። ግማሹ መንደር ገና ወዲህ ነበር። እንዳልካቸውን ጉንፋኑ ሲያደክመው ካርታችንን ደፍተን፣ ዛሬ ልንጨርሰው ተነሣን።»

ሰርካለም ቀና ብላ አየችው። «የገመዱ ካርታ ማን ጋ ነበር?»

«አላውቅም። አንድ ብቻ ነው፤ በሰዓቱ ሲጣል የቀረውን ሰው ያሻግራል፤ ካለሰዓቱ ከተጣለ ጎርፍ ይወስደዋል። አብራን የምትጫወተው መቅደላዊት የያዘችው መስሎኝ ነበር።»

መቅደላዊት አራዳ ሰፈር ውስጥ መድኃኒት ቤት አላት። መርዝ የምታውቅ እሷ ናትና ሰርካለም መጀመሪያ በጥርጣሬ ዓይን ነው ያየቻት። ሴትዮዋ ጥያቄውን ሳትጠብቅ መናገር ጀመረች።

«እኔንም እንደሚጠረጥሩኝ አውቃለሁ። ሦስታችንም፣ እኔ፣ አስናቀውና ዳኛው፣ አብረን ወጣን፤ መንገድ ላይ ተለያየን። ከዚያ በኋላ ማን እንደተመለሰ አላውቅም። እኔ ግን አልተመለስኩም።»

«ገመዱ ማን ጋ ነበር?»

«ዳኛው ጋ ይመስለኝ ነበር። እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ የጨዋታው ጣዕምም ያ ነው።»

«ዛሬ ጨርሳችሁ ምን ልታደርጉ ነበር?»

«ባሕር ዳር አውደ ርዕይ አለ፤ አንድ ጨዋታ ነው መላክ የምንችለው። ወይ ማዶን፣ ወይ የዳኛውን ‘አንበጣ’። አንበጣ ላይ ማሳችንን ከመንጋ እንከላከላለን። ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ ክብደታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንበጣ ላይ የሚወረወረው ዳይስ ክፉ ቁጥር ካወጣ የፈለጉትን ያህል ቢያስቡ ማሳው ይበላል። ማዶ ላይ ስንሸነፍ ግን ጥፋቱ የኛ ነው፤ የቱ ላይ እንደተሳሳትን ሳምንት ሙሉ እናስባለን። ደግሞ አንበጣ ላይ ዳኛው ሁላችንንም ያዛል። ‘ያን አንሺ፣ ይህን ጣል’ ይላል፤ እኛ እጅ ብቻ ነን። ማዶ ላይ አፉን መዝጋት ግድ ይሆንበታል፤ ያ ያንገበግበዋል።»

«የመረጣችሁት ማዶን ነው፣ አይደል?»

«አዎ። ስንወጣ በሩ ላይ እንዳልካቸው ነገረው። ‘ዳኛው፣ አትቀየመኝ፤ ያንተን ጨዋታ ዳይሱ ነው የሚጫወተው፣ እኛ ተመልካች ነን’ አለው። በፍቅር ነው ያለው። ዳኛው ፈገግ ብሎ ወጣ።»

ዳኛው የኮሌጅ መምህር ነው። ሰርካለም ቤቱ ስትደርስ ዱለት እየበላ ነበር። ጓደኛው መሞቱን በስልክ ሰምቷል፤ ለቅሶ ቤት አልሄደም፤ ዱለቱ ግን አልቀረበትም። ቅቤው በአገጩ ላይ ወርዷል።

«እንብላ» አላት።

«ጠግቤያለሁ።»

«ሬሳ ማየት አልችልም፤ ልቤ አይችልም» አለ ጣቱን እየላሰ። «አስናቀው ነው አሉ፤ የደም ነገር አይለቃቸውም።»

«ትናንት ከወጣችሁ በኋላ ከእንዳልካቸው ጋር ተገናኝታችኋል? ተደዋውላችኋል?»

«በጭራሽ። በቀጥታ ቤቴ ገባሁ።»

«ስለ ጨዋታዎቹ ከአንተ የተሻለ የሚያስረዳኝ የለም ብለውኛል። አንበጣና ማዶ ሲወዳደሩ የቱ ይበልጣል?»

እንዲህ ያለ ሰው አለ። አልቅስ ቢሉት እንባ የለውም፤ አስረዳ ሲሉት ግን ፊቱ ይበራል። ዳኛው እጁን ጠረገና ወንበሩን አስጠጋ።

«ክብደትና ጥልቀት ለየቅል ናቸው። አንበጣ ጥልቅ ነው፤ ብዙ መንገድ አለው፤ መሪ ይፈልጋል። ማዶ ከባድ የሚመስለው ዝም ስለሚያሰኝ ብቻ ነው። ውስጡ ባዶ ነው! ቁልፉ አንድ ካርታ ነው፤ እሱን ካወቅሽ አለቀ። ትናንት ያን ሁሉ ሰዓት የተንቀራፈፍነው ለምን ይመስልሻል? እንዳልካቸው ገመዱን ታቅፎ ስለተቀመጠ ነው። ከመንደሩ ሰው እረኞቹ እንደተሻገሩ ቢጥለው ኖሮ መንደሩ በሙሉ ይድን ነበር።»

ሰርካለም አመስግናው ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ አየር ሳበች፤ የዱለቱ ሽታ ልብሷ ላይ የቀረ መሰላት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ወደ ምርመራ ሄዷል፤ ወለሉ ታጥቧል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ከውጭ በድንኳኑ ሥር ለቀስተኛው ያንጎራጉራል። ጽጌሬዳ በጥቁር ነጠላዋ ተጠቅልላ አስናቀውን ላለማየት ወደ ግድግዳ ዞራለች። ሰሌዳው በጨርቅ ተሸፍኗል።

«ትናንት ጨዋታው ሳያልቅ ነው የተለያያችሁት» አለች ሰርካለም። «ተሳስቻለሁ?»

ሦስቱም ልክ ነው አሏት። ጨርቁን ገለጠችው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ማዶ ቆሟል።

መቅደላዊት እጇን ወደ አፏ ወሰደች። «ሁሉም ተሻግረዋል! ማን ጨረሰው?»

«እኔም ጠዋት የጠየቅኩት ይህን ነው። እንዳልካቸው ብቻውን ጨርሶት ሊሆን ይችላል አልኩ። ግን የገመዱን ካርታ እዩት፤ ትውከት አለበት። ሰሌዳው ደግሞ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ካርታው የቆሸሸው ሰሌዳው ላይ ሆኖ አይደለም፤ በሟቹ እጅ ሳለ ነው። ሌሎቹ ሁለት ካርታዎቹ ከደረቱ ሥር ተገኝተዋል። ይህን አንዱን ብቻ ከእጁ ወስዶ፣ ወንዙ ላይ አስተካክሎ ያስቀመጠ ሰው አለ። እንዳልካቸው መርዙን ጠጥቶ ከወደቀ በኋላ ማለት ነው።»

ጽጌሬዳ ከግድግዳው ዞረች።

«አስናቀው ገዳይ ቢሆን» ቀጠለች ሰርካለም «የራሱን ብልቃጥ ጥሎ አይሄድም ነበር። ብልቃጡ እዚያ መኖሩን ሦስታችሁም ታውቁ ነበር። ስለዚህ ብልቃጡን ተውኩና ጨዋታውን ያዝኩ። ገመዱ ማን ጋ እንደነበር ጠየቅኩ። አስናቀው መቅደላዊት መሰለችው። መቅደላዊት ዳኛው መሰላት። ማወቅ አይቻልማ፤ ካርታ አታሳዩም፣ አትነጋገሩም። ዳኛው ግን ሳልጠይቀው እንዳልካቸው ጋ እንደነበር ነገረኝ። እሱ እንዳለው ወደዚህ ክፍል ሳይመለስ፣ ከሟቹ ጋር ሳይገናኝ፣ ሳይደውል።»

«አስልቼ ነው!» አለ ዳኛው። «የጣላቸውን ካርታዎች ያየ ሰው መገመት አያቅተውም። ይህ ሎጂክ ነው።»

«ይሁን። እረኞቹ እንደተሻገሩ ገመዱን መጣል እንደሚያዋጣስ? ማንም አሸንፎት የማያውቀውን ጨዋታ አንተ እንዴት እንደሚያልቅ ታውቃለህ። ሰሌዳው ላይ ያለውም እሱ ነው፤ ከገመዱ በፊት የተጣሉት የእረኞቹ ካርታዎች ናቸው። እሱንም አስልቼ ነው ትለኛለህ። ካርታው ላይ የደረቀው ትውከት ግን ስሌት አይችልም። የሟቹ ያልሆነ የአውራ ጣት አሻራ አለበት፤ ጥርት ያለ። አሁን የሦስታችሁንም እንወስዳለን።»

አስናቀው ካቴና ያለበትን እጁን ወዲያው ዘረጋ። መቅደላዊትም ዘረጋች። ዳኛው እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ከተተ።

ሳጅን አላምረው ወደሱ ቀረበ።

«‘እስቲ ለሁለት እንሞክረው’ ብዬው ነው የመጣሁት» አለ ዳኛው በመጨረሻ። ድምፁ ውስጥ ጸጸት አልነበረም፤ የተናደደ መምህር ድምፅ ነው። «ተመልካች ነን አለኝ! የዓመታት ሥራዬን! የሱን መጫወቻ ጥልቅ ነው እያላችሁ ስታጨበጭቡ... ይኸው፣ አሸነፍኩት። ብቻዬን። ምን ጥልቀት አለው?»

ተነሥቶ በጣቱ ወደ ሰሌዳው ጠቆመ። ሰው መግደሉን ረስቶታል፤ አሁንም ልብ በሉልኝ ነው የሚለው።

«ስትጨርሰው» አለች መቅደላዊት፤ «ስትጨርሰው እንዳልካቸው ሞቶ ነበር?»

ዳኛው ትከሻውን ሰበቀ። «ካርታውን አልለቅም ብሎኝ ነበር። ጣቱን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኩት።»

መቅደላዊት ወደ ውጭ ሮጠች፤ ከበሩ ሥር ስታስታውክ ሁሉም ሰሟት። ሰርካለም በሥራዋ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ የሚያለቅስ፣ የሚክድ፣ የሚሰክር። እንዲህ ያለውን ስታይ ግን ቆዳዋ ተሸማቀቀ። «ከፊቴ አውጣልኝ» አለችው ሳጅኑን፤ ዞራ አላየችውም። ከዚያ በገዛ እጇ የአስናቀውን ካቴና ፈታች።

አስናቀው አልተነሣም። አንጓውን እያሸ ጽጌሬዳን ያያል። ጽጌሬዳ ደግሞ ወለሉን ታያለች። ጠዋት የተናገረችው ቃል መካነ ብርሃን ደርሷል፤ ምናልባት ጠብመንጃ ከተሰቀለበት ወርዷል። ይቅር በለኝ ማለት ይገባት ነበር፤ ያን የምትልበት አፍ ግን አላገኘችም።

ስልኳን አወጣች። ደወለች፤ የባሏ ታላቅ ወንድም ሲያነሣ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት እንኳ እስኪሰሙ ጮኻ ተናገረች።

«አያ፣ እኔ ነኝ፣ ጽጌሬዳ። ጠዋት የነገርኩዎት ውሸት ነው። ገዳዩ ሌላ ነው፤ ተይዟል። ነገ ወንድምዎን ይዞ የሚመጣው አስናቀው ነው። መንገድ ወጥታችሁ ተቀበሉት።»