ጨረር ያደረቀው ጎማ

መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ጥበቃው ሀያቱ የመጋገሪያውን ክፍል በር ገፋ። በሩ እምቢ አለው። በትከሻው ሲያስገድደው የቤተ ሙከራው ተመራማሪ ወንድሜ የኔሰው ከበሩ ሥር ሞቶ አገኘው። ጥፍሮቹ ደምተው ነበር።

ቤተ ሙከራው ቤቴል ውስጥ ነው። እዚያ ከስኳር አልኮልና ከጉሎ ዘይት ከሚወጣ አሲድ ጎማ ይሠራሉ፤ በሕፃን ልብ ላይ የሚሰፋ፣ ከልቡ ጋር የሚለጠጥ፣ ኋላም ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ። ጎማው የሚበስልበት ክፍል ከመታጠቢያ ቤት አይሰፋም። ሲበስል ናይትሮጅን ይለቀቅበታል። ጋዙ የሚተነፈሰውን አየር ስለሚያስወጣ በሩ ገርበብ ብሎ መቆየት አለበት። በሩ ግን ስፕሪንግ አለው፤ ከለቀቁት ራሱ ይቆለፋል። የውስጥ እጀታው ከተሰበረ ደግሞ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ሀያቱ በየሰኞው ከተጣለው ጎማ አንድ ማሰሪያ እየመረጠ በሩን ከውስጥ ከግድግዳው ሚስማር ጋር ያስራል። ሰው በሩን ገፍቶ ሲገባ ስፕሪንጉ መልሶ ይስበዋል፤ ማሰሪያው ተለጥጦ ይይዘዋል።

ያን ቀን ማሰሪያው ለሁለት ተበጥሶ ወለሉ ላይ ነበር። ሀያቱን በቸልተኝነት ሰው ገድለሃል ብለው አሰሩት።

ሰኞ ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ሌሊሴ ጣቢያ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው።

«አባባ፣ ማሰሪያውን የሰቀሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኛ። በሳምንቱ መጀመሪያ፣ አዲስ።»

«ሞክረውት ነበር?»

«እስከ ጆሮዬ ስቤው። ልጄ፣ ጾመኛ ነኝ፣ አልዋሽሽም። ዙህር ልሰግድ ባልወጣ ኖሮ ጩኸቱን እሰማው ነበር። እሱን ጠይቂኝ፣ ጎማውን ተዪው።»

ቴክኒሺያኑ ሚሊዮን ግን ጎማውን አልተወም። «አባባ ያገኙትን ሲያንጠለጥሉ ነው የሚውሉት። ይሄ የሱቅ ላስቲክ አይደለም፣ ያረጃል ብያቸው ሳቁብኝ» አለ።

«በስድስት ቀን ያረጃል?»

ሚሊዮን አንገቱን አከከ። «በስድስት ቀን እንኳ... አይመስለኝም።»

«ከመሰፋቱ በፊት ጀርሙ እንዲሞት ጨረር የገባውስ?»

«እሱማ ምንም አይሆንም። ሪፖርቱን አንብቢው፣ ዶክተር ናቸው የጻፉት።»

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ፋሲካ ጥያቄዎቹን በእርጋታ መለሰች።

«ጨረር የገባውን ጎማ የለካው ማነው?»

«እኔ ብቻዬን።»

«ለውጥ አለው?»

«የለውም። እንደ በፊቱ እጥፍ ድረስ ይለጠጣል።»

«የተቀመጠበትን ቁም ሣጥን ማን ይከፍታል?»

«እኔና ሚሊዮን ቁልፍ አለን።»

ሌሊሴ ከቁም ሣጥኑ ጨረር የገባው ጎማ ያለበትን ከረጢት አስወጥታ ወሰደች። የተበጠሰውን ማሰሪያ ደግሞ መስኮት ጋ አቁማ አየችው። ጠርዙ እንደ ደረቅ ብስኩት ነበር፤ ተለጥጦ የተበጠሰ አይመስልም።

ረቡዕ እኔን ጨምሮ ሁላችንንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበችን። ሀያቱን ካቴናውን ፈትተው አመጡት። ሌሊሴ ለሦስቱ አንዳንድ ማሰሪያ አደለች።

«ጨረር የገባው ነው። ሦስት ስል በኃይል ሳቡት።»

ሦስት ስትል ሀያቱና ሚሊዮን ደረታቸው ላይ አድርገው ሳቡት። የሁለቱም ጎማ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ የሚሊዮን ጉንጩን መታው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ጉንጩን ይዞ። «ይለጠጣል ነበር እኮ የተባለው።»

ዶክተር ፋሲካ ገና ሁለት ሲባል እጇን ዘርግታ ፊቷን አዙራ ነበር።

ሌሊሴ ወደ እሷ ዞረች። «ዶክተር፣ ሪፖርቱን ያመነ ሰው ፊቱን አያዞርም። ሚሊዮን አምኖ ነበር፣ ጉንጩን ተመታ። ከረጢቱ ውስጥ የነበሩት ዐሥር ማሰሪያዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ሙሉ ነው። ዘጠኙ ጨረር ውስጣቸውን እርስ በርስ አስተሳስሮት ግትር ሆነዋል። ዐሥረኛው ግን እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ጨረር አይቶ አያውቅም። አንድ ሰው ግትሩን አውጥቶ በሩ ላይ አስሯል፤ ከበሩ የፈታውን ለስላሳ በምትኩ ከረጢቱ ውስጥ ከቷል። ቁልፍ ያላችሁ ሁለት ናችሁ። ግትር መሆኑን የሚያውቅ ግን ለክቶ የደበቀው ብቻ ነው።»

«የኔሰውም ለክቶት ነበር» አለች ፋሲካ።

«አዎ። ለዚህ ነው የሞተው።» ሌሊሴ ወደ እኔ ዞረች። «አርብ ዕለት ምን አለሽ?»

«‹ሰኞ ጥናቱን ለሚገመግሙት እነግራለሁ፤ ዝም ካልኩ ሕፃናት ላይ ይሰፉታል፣ ይሰነጠቃል› አለኝ» አልኩ።

«ዶክተር፣ ሁለት እጁ ጎማ በያዘ ሳህን ተይዞ እንደሚገባ ያውቁ ነበር» አለች ሌሊሴ። «ጋዙን ውጭ ከፍቶ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ። ስፕሪንጉ አንዴ ሲስበው በቂ ነው፤ ግትሩ ማሰሪያ ይሰበራል፣ በሩ ይቆለፋል።»

ፋሲካ በእጇ የቀረውን ጎማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ዓመት ቢሰጠኝ አስተካክለው ነበር።»

ሀያቱ አላያትም። እኔን ነው ያየኝ። «እኔ እኮ በሩን ሳልፈትሽ ለሶላት አልወጣም ነበር፣ ልጄ። ያን ቀን ብቻ» አለኝ።

በማግስቱ የየኔሰው የልኬት ደብተር ሳንሱሲ ካለው የፋሲካ ቤት ተገኘ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደባት። ጎማው ዳግም ተለክቶ በጨረር የሚጸዳው እንዳይሰፋ ተከለከለ፤ ሀያቱም ተፈትቶ አሁን ዘነበወርቅ አካባቢ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነው።