ስልኩ ዝምታ ውስጥ ያገኘው ፉጨት

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

እንድታምኑኝ አልምልም። መማል አልወድም። ነገር ግን ቁጥሮቹን የጻፍሁበት ወረቀት እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ... በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ወሩ ግንቦት። ሰዓቱ ልክ ከቀኑ ስድስት። ቦታው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር በእግር አሥር ደቂቃ የሚርቀው ቤቴ።

ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

ስለዚያ ርካሽ የሙዚቃ ስልክ የጻፍሁትን ግምገማ በዚህ ቻናል ላይ አንብባችኋል። ለድምፁ፣ ለባትሪው፣ ለስክሪኑ ነጥብ ሰጥቼ፣ «ዘፈን ፈላጊ» የሚለውን ረድፍ ባዶ ተውሁት። ብዙዎቻችሁ «ረሳሽው እንዴ?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ።

አልረሳሁትም።

ስልኩን የሰጠኝ ሙሀመድዘይን ነው። ገበያው አጠገብ የስልክ ሱቅ አለው፤ ይህን ቻናልም የሚመራው እሱ ነው። የባለቤቴ የግሩም ጓደኛ ነበር። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ስለማስተምር፣ አዲስ ዕቃ ሲመጣለት እንድፈትሽለት ይሰጠኛል።

«አደይ እህቴ፣ ይኼን ደግሞ እንደ ልማድሽ ያለ ምሕረት ፈትሺልኝ» አለኝ። «ሙዚቃ ለሚወድ ሰው የተሠራ ነው ይላሉ።»

«እኔ ሙዚቃ ከሰማሁ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«ለዚያ እኮ ነው ለአንቺ የምሰጥሽ! ሙዚቃ የሚወድማ ቆርቆሮ ቢመቱለትም ይጨፍራል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «ማለቴ...»

«ገብቶኛል» አልሁት።

ሰው ከእኔ ጋር ሲስቅ እንዲህ ነው። መሃል ላይ ትዝ ይለዋል።

ስልኩ ጎኑ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍ አለችው። ተጭነው ሲይዟት ስልኩ በዙሪያው ያለውን ድምፅ ያዳምጣል። ከዚያ የዘፈኑን ስም ይጽፋል፤ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም በመቶኛ ያሳያል።

«ኢንተርኔት እንኳን አይፈልግም» አለኝ ሙሀመድዘይን። «ሚሞሪሽ ላይ ያለውን ሁሉ ራሱ ያጠናዋል። ከዚያ የትም ቢዘፈን ያውቀዋል።»

ስለ ግሩም ጥቂት ልንገራችሁ። ከጥቂት በላይ አልናገርም።

የዓሣ ባለሙያ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከደቅ ደሴት ሲመለሱ ነፋስ ጀልባቸውን ገለበጠው። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ተገኙ።

እሱ አልተገኘም።

ዘመድ ተሰበሰበ፤ ድንኳን ተተከለ። እናቱ እማማ ሸዋዬ ከአንበሳሜ መጥተው ሸሚዙን ታቅፈው ደረታቸውን ደቁ። እኔ ግን አላለቀስሁም። «ሬሳው ሳይገኝ አላለቅስም» አልሁ። በአራተኛው ቀን ክፍል ገብቼ አስተማርሁ።

እማማ ሸዋዬ ይህን ይቅር አላሉኝም። ወደ አንበሳሜም አልተመለሱም። ልጃቸው ከቀረበት ውኃ ላለመራቅ ጓሮ ካለችው ክፍል ገቡ። ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ኖርን። እህል ተካፈልን፤ ቃል ግን አልተካፈልንም።

ከግሩም የቀረኝ ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ።

ፉጨት ነው።

ከሥራ ሲመጣ የግቢው በር ላይ ቆሞ ራሱ የፈጠራትን አንዲት ዜማ ያፏጫል። መጨረሻዋን ግን አይጨርሳትም። አንዲት ድምፅ ሲቀረው ዝም ይላል። ያቺን አንዲት ድምፅ እኔ ከቤት ውስጥ ሆኜ አፏጭለታለሁ።

ያ «ግባ» ማለት ነበር።

እኔ ካልጨረስሁለት አይገባም። ዝናብ እየመታውም ቢሆን ሳቁን አፍኖ በሩ ላይ ይቆማል።

እማማ ሸዋዬ ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር ይቆጡኝ ነበር። «ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ? ምን ያለ ጉድ ነው!»

የቀረችኝ ቅጂ «ግሩም 1» ትባላለች። እዚያም ላይ መጨረሻዋ የለም።

ያን ቅዳሜ ወረቀቴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ፍተሻውን ጀመርሁ። ስፒከሩ ሲጮህም አይሰነጠቅም፤ ጥሩ ነው። ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል። ስክሪኑ በእርጥብ ጣት ሲነኩት ይደናበራል። ካሜራው ለወጉ ያህል ነው።

ዘፈን ፈላጊው ቀረ።

ከአሮጌው ስልኬ ሚሞሪውን አውጥቼ አዲሱ ላይ ከተትሁ። የግሩም ዘፈኖች ሁሉ እዚያ ላይ ናቸው። ራዲዮኑ ከነሱ አንዱን ሲያጫውት ቁልፏን ተጫንሁ። ስልኩ በትክክል ስሙን ጻፈ፤ 95 በመቶ። ሌላም መጣ፤ 96። «ግሩም 1»ን አልከፈትኋትም። ከከፈትኋት ቆይቻለሁ።

ከዚያ ራዲዮኑን ዘጋሁ።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ። መለኪያ ሲፈተሽ ባዶውንም መለካት ግድ ነው። ምንም በሌለበት «ምንም የለም» ካላለ መለኪያው ውሸታም ነው።

ስለዚህ ዝምታውን ለካሁት።

አንደኛ። «ምንም አልተገኘም።»

ሁለተኛ። «ምንም አልተገኘም።»

የግድግዳው ሰዓት ልክ ስድስትን ሲል ሦስተኛውን ተጫንሁ። ስልኩ ከቀድሞው ረዘም አድርጎ አዳመጠ...

«ግሩም 1። 31 በመቶ።»

እጄን ከቁልፏ ላይ አነሣሁ።

ማቀዝቀዣው ነው አልሁ። ነቅዬ አጠፋሁት። መስኮቱን ዘጋሁ። እንደገና ተጫንሁ።

33።

ሚሞሪውን አወጣሁት። መዳፌ ላይ አስቀምጬ እያየሁት ተጫንሁ። አሁን ስልኩ ውስጥ፣ ካጠናው በቀር፣ የግሩም ምንም ድምፅ የለም።

«ግሩም 1። 36 በመቶ።»

ጆሮዬን አቀናሁ። ምንም አልሰማም። እውነት እላችኋለሁ፣ ምንም...

ቁጥሮቹን ወረቀቱ ላይ ጻፍሁ። ሌላ ምን እንደምሠራ አላወቅሁም። ልማድ ነው። ከዚያ ስልኩን ይዤ ወጣሁ።

በረንዳው ላይ 41። ግቢው መሃል 47።

እማማ ሸዋዬ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«በዚህ ቀትር ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ስልክ እየፈተሽሁ ነው፣ እማማ።»

«ስልክ በዝምታ ነው እንዴ የሚፈተሽ?»

ዓይናቸው ከስልኩ አልተነሣም። ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት።

«እሱም ሰማው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ስልኩ ነዋ። ፉጨቱን።»

ግንቦት ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል። እኔን ግን በረደኝ።

«እርስዎ... ይሰማዎታል?»

«ቀትር በሆነ ቁጥር። ሁለት ዓመት ሙሉ። ከውኃው በኩል ይነሣል... በሩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለአስተማሪ ምን ይነገራል? ሬሳው ካልተገኘ ያልሽ አንቺ አይደለሽ?»

«ታዲያ እርስዎስ ለምን ዝም አሉት?»

ፈገግ አሉ። እንደዚያ ያለ መራራ ፈገግታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

«እኔን መች ጠራ? እኔን ቢጠራማ ገና ድሮ አቤት ብዬው ነበር።»

ስልኩ እጄ ላይ ከብዶኛል።

«ወይ መልሺለት፣ ወይ አልቅሺለት» አሉኝ በመጨረሻ። «ልጄን በር ላይ አታቁሚው።»

ወጣሁ።

በሩ ላይ 52። ከአስፋልቱ ማዶ 64። ባጃጆች ያልፋሉ፤ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል። ዓሣ ጠባሿ ሸጊቱ ከዳሷ ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ። እዚያ 71።

ወደ ውኃው በቀረብሁ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። ለተማሪ ብሰጠው ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆን ነበር።

ደንገሉ ጋ ስደርስ 88።

ሁለት ዓመት እዚህ አልመጣሁም። ዳሩ እንደ ድሮው ነው። ታንኳዎቹ ተደርድረዋል። ነፋስ አልነበረም፤ ደንገሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ ውሻ ባዶው መንገድ ላይ ቆሞ፣ ማንም በሌለበት በኩል ጭራውን ይቆላል...

ጫማዬ ውኃ እስኪነካ ቀረብሁ።

«ግሩም 1። 97 በመቶ።»

አሁንም አልሰማውም። እናቱ ይሰሙታል። ውሻው ይሰማዋል። ገበያ ላይ የሚሸጥ ርካሽ ስልክ ይሰማዋል። እኔ ብቻ አልሰማውም።

ግን መጨረሻዋ ድምፅ እንደምትጎድል አውቃለሁ። እዚያ ቆሞ እሷን እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከንፈሬን አሾልሁ። ትንፋሼ ወጣ...

አንዲት ድምፅ ነበረች። አንዲት ብቻ።

አላወጣኋትም።

ካፏጨሁ ይገባል። ሁለት ዓመት ውኃ ውስጥ የቆየው ሰው ይገባል። ካለቀስሁ ደግሞ ሞተ ማለት ነው። ሁለቱንም አልቻልሁም። ከንፈሬን ገጥሜ ጀርባዬን ሰጠሁት።

በችኮላ ተመለስሁ። ስርቅ ቁጥሩ መውረድ ነበረበት። ደንገሉን ካለፍሁ በኋላ ተጫንሁ።

97።

ታንኳዎቹን አለፍሁ። 97።

ሸጊቱ ከዳሷ ጠራችኝ። «አደይ! እንግዳ ይዘሽ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ? ዓሣ ለሁለት ልጠቅልልልሽ?»

ዞር ብዬ አላየሁም። አስፋልቱን በሩጫ ተሻገርሁ።

98።

ግቢ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ፤ መቀርቀሪያውን ጣልሁ። የበሩን ቆርቆሮ በጀርባዬ ተደገፍሁት። የቀትር ፀሐይ ስላጋለው ሸሚዜን አልፎ አቃጠለኝ።

ማንጎው ሥር ሰፌዱ አለ። ምስሩ አለ። እማማ ሸዋዬ የሉም።

ለመጨረሻ ጊዜ ቁልፏን ተጫንሁ።

«ግሩም 1። 99 በመቶ።»

ከበሩ ማዶ ነው። እኔ ካልጨረስሁለት ደግሞ አይገባም። ሳቁን አፍኖ ይቆማል እንጂ አይገባም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርሁት። አይገባም... አይገባም...

ያን ጊዜ ሰማሁት።

ከኋላዬ አልነበረም። ከፊት ለፊቴ፣ ከጓሮ ክፍል ነው።

ፉጨት።

አንዲት ድምፅ ብቻ። ጥርስ ከሌለው አፍ የወጣች፣ ከድምፅ ይልቅ ትንፋሽ የበዛባት፣ የምትንቀጠቀጥ... ግን ልኳን ያልሳተች።

በጀርባዬ የተደገፍሁት ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። እንደ ወንዝ ድንጋይ።

ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ስልኩን አየሁት። ጣቴ ቁልፏን እንዳልለቀቀ ነበር።

«ምንም አልተገኘም።»

መቀርቀሪያው እንደተዘጋ ነው። ከበሩ እስከ ጓሮ ግን ደረቁ አፈር ላይ ቀጭን የውኃ መስመር ተዘርግቷል። በአጠገቤ አልፏል።

ተከተልሁት።

የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረግሁት።

እማማ ሸዋዬ አልጋቸው ላይ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እግራቸውን ዘርግተዋል። ነጠላቸው ከጭናቸው እስከ አልጋው ጫፍ ተዘርግቷል። በዝግታ እየዳሰሱት ነው።

ፊታቸው ላይ የሁለት ዓመቱ ምሬት የለም። የት እንደሄደ አሁን አውቃለሁ። እኔ ዘንድ ነው።

«እማማ...»

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አሁን ገና መተኛቱ ነው።»

ከነጠላው ጥለት ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። አንድ... አንድ...

ነጠላው ደግሞ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል።

ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል።