የተጠረገው ዱካ

«አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አሁን አሥራ አንድ ናቸው» አለች መምህርቷ፣ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጥራ። «ቬራ የለችም። ሰብሃ፣ አንቺስ አላየሻትም?»

«ኧረ አላየኋትም» አለች ሰብሃ። አፏ ከልቧ ቀደመ።

ውሸቷን ነው። አረብኛ ሊለማመዱ ወደ ሰብሃ ቤተሰብ የበረሃ ድንኳን ከመጡት የውጭ ተማሪዎች ሁሉ፣ እንደ መዥገር የተጣበቀችባት ቬራ ነበረች። ደብተሯን ይዛ «ይህ ምን ይባላል? ያስ?» ስትል አረፈደች። ያውም ዜና የምታነብ በሚመስል የመጽሐፍ አረብኛ። ፍየሎቹ ሳይታለቡ ቀሩ። ሰብሃ ሲሰለቻት፣ ሸለቆው ለሁለት እስከሚከፈልበት ወስዳ ወደ ግራ ጠቆመቻት። «እዚያ ጋ ምንጭ አለ፤ ሂጂና እዪ» አለቻት። ምንጭ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ዞራ ትመለሳለች ብላ ነበር። ይኸው አንድ ሰዓት አለፈ።

አሁን ከተራራው በላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ጠብ ባይልም፣ እዚያ ከዘነበ ጎርፉ በሸለቆው እየጋለበ ይመጣል። አምና አንድ ፒክአፕ መኪና ከነጭነቱ ወስዷል።

የአባቷ የሙትላቅ ፊት አመድ መሰለ። «እንግዳዬ ናት! አንድ ነገር ብትሆን በምን ዓይኔ የሰው ፊት አያለሁ? ስወይልምን ጥሩት፣ ዱካዋን ይፈልግልን!»

ዱካ ሲባል ሰብሃ እግሯን አየች። አጎቷ ስወይልም የዘመዱን ሁሉ እግር እንደ ፊት ያውቃል። የእሷ ግራ እግር ደግሞ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ሕፃን እንኳ አይስተውም። በድንኳኑ ጀርባ ሾልካ ሮጠች።

እስከዚያ መንገዱ ጠጠር ነው፤ ሸለቆው የሚከፈልበት አሸዋ ላይ ግን የእሷና የቬራ ዱካዎች ጎን ለጎን ነበሩ። ከቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ሰብራ ጠረገች። ከጥድፊያዋ የተነሳ የራሷን ብቻ መምረጥ አልቻለችም፤ የቬራም አብሮ ጠፋ። ቅርንጫፉን ስትጥል ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ።

አጎቷ እየሮጠ፣ አባቷ በምርኩዝ እያነከሰ ደረሱ፤ ቬራን ልትፈልግ ቀድማቸው የመጣች መሰላቸው። ስወይልም ተንበረከከ።

«ይሄ ነፋስ አይደለም፤ ሰው ነው የጠረገው» አለ። «ከዚህ ወዲያ ደግሞ ጠጠር ነው፣ ዱካ አይዝም።» ቀኙንም ግራውንም አየ። «የቀኙ ሰፋ ይላል። በዚያ ሳትሄድ አትቀርም።»

መሮጥ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም መንገድ ለማየት ደግሞ ጊዜ የለም። ሰብሃ ዝም ብትል ማንም መቼም አያውቅባትም። ከነጎድጓዱ ይበልጥ ያስፈራት ይሄ ነበር።

«በግራ ነው!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ የላክኋት። የጠረግሁትም እኔ ነኝ።»

ስወይልም መጨረሻውን አልሰማም፤ በግራ ተፈተለከ። ሰብሃ ጥፊውን ጠበቀች። አባቷ ግን እጁን አላነሳም።

«ድምፅሽን ታውቀዋለች» አለ ሳያያት። «እዚያ ድንጋይ ላይ ውጪና ጥሪያት።»

ወጥታ ጠራች። ምንም የለም። ከላይ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ የጎርፍ ድምፅ መጣ። እያለቀሰች ደግማ ጠራች።

«እኔ በዚህ ስፍራ እገኛለሁ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ከድንጋዮቹ መሃል መለሰ።

ስወይልም ቬራን በጀርባው አዝሎ ዳገቱን ሲወጣ፣ ቡናማው ውኃ ከሥሩ ጠጠሩን እያንከባለለ አለፈ። ቬራ ጫማዋ አንድ እግር ጎድሏል፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ሰብሃን አየቻትና፣ እንደተታለለች ገብቷት አንገቷን ደፋች።

መምህርቷ ከድንኳኑ በኩል እያለከለከች ትመጣለች። ሙትላቅ ምርኩዙን አስተካክሎ፣ እንደ እንግዳ ተቀባይ ይቅርታ ሊጠይቅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቆይ አባዬ፣ እኔ ልንገራት» አለች ሰብሃ። ቀድማው ወደ መምህርቷ ወረደች።