ለድንቡሼ የተሰፋ መርፌ

የወደድኩት ሰው ልጄን የሚያስለቅስ ሰው ሆኖ ተገኘ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሕፃናትን የሚከትበው ነርስ እሱ ነው።

የልጄ አባት ገና ሳትወለድ ጥሎን ስለሄደ፣ ለክትባት የምወስዳት ብቻዬን ነበር። ነርሱ ሁሉንም እናቶች «እናት» እያለ ነው የሚጠራው። እኔን ግን አንድ ቀን በስሜ ጠራኝና ራሱ ደነገጠ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መጋረጃ ቤት ብቅ ማለት ለመደ። የክፍሉን አንዲት መስኮት መጋረጃ ስንት ጊዜ እንዳስለወጠኝ! ገንዘቡ አሳዘነኝ፤ እሱንም ወደድኩት።

ችግሩ ድንቡሼ ናት። ጉንጯ ሙሉ ስለሆነ ነው ልጄን እንዲህ የምላት። ነርሱ በራችን ላይ ብቅ ካለ ታፋዋን በሁለት እጇ ሸፍና ኡኡታዋን ታቀልጠዋለች። ከረሜላ ቢያመጣ፣ ፊኛ ቢያመጣ፣ ወይ ፍንክች!

«እንጋባ» ሲለኝ መልሴ አንድ ነበር።

«ልጄ እያለቀሰችብህ እንዴት አድርጌ?»

ሁለት ዓመት የሞላት ቀን፣ በእጁ ከእንጨት የሠራውን የሐኪም መጫወቻ በሳጥን ይዞላት መጣ። ማዳመጫው፣ መርፌው፣ ምኑ ቅጡ! መርፌውማ ቁርጥ እውነተኛውን። ድንቡሼ ሳጥኑ ሲከፈት አየችና እየጮኸች አልጋ ሥር ገባች።

«ምነው እንዲህ አስመሰልከው?» አልኩት፤ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

እሱ አልሳቀም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳጥኑን ሲያየው ቆየ።

«በገዛ ቤቷ የምትደበቅብኝ ከሆነ፣ ከእንግዲህ ባልመጣ ይሻላል» አለኝ።

«ሂድ» ልለው አልችልም፤ «አትሂድ» እንዳልለው ልጄ አልጋ ሥር ናት። ዓይኔ ጥግ ያለችው ስፌት መኪናዬ ላይ አረፈ።

«ተነሥ፣ ያንን የትራስ ጥጥ አቀብለኝ» አልኩት።

ከመጋረጃ የተረፈ ቢጫ ጨርቅ አወጣሁና ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ወፈር ያለ፣ ለስላሳ፣ ጫፉ የማይዋጋ መርፌ ሰፋሁ። እሱ ጥጡን እየጠቀጠቀ ይሞላል። ስንቀባበል እጃችን ይነካካል፤ ሁለታችንም እንዳላወቀ ሰው እንሆናለን። ቀጥዬ ከቦርሳው ነጭ ጋዋኑን አወጣሁና መቀሴን አነሣሁ።

«ኧረ የሥራዬ ነው!»

«ሌላ ትገዛለህ። ዛሬ ሐኪሟ እሷ ናት።»

የመኪናው ድምፅ ሲቆም ድንቡሼ ከአልጋው ሥር አንገቷን ብቅ አደረገች። ያሳጠርኩትን ጋዋን አለበስኳትና ቢጫውን መርፌ አስያዝኳት። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋላት፤ ፊቱን አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ቀስ እያለች መጣች። ቆመች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ወጋችው።

«ወይኔ! ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ቤቱን በጩኸት አናጋው።

መጀመሪያ ደነገጠች፤ ወዲያው በሳቅ ፈረሰች።

«ደሞ!»

ክንዱን፣ ታፋውን፣ አፍንጫውን ሳይቀር ወጋችው። ሲያቃስት አንጀቷን በላት መሰለኝ፣ ጉንጩን ዳበስ አድርጋ «አይዞህ፣ አለቀ» አለችው።

ቀጥሎ ተረኛዋ እኔ ሆንኩ። ወጋችኝና የውሸት ለቅሶ ጀመርኩ፤ እንባው ግን የእውነት ሆነብኝ። እስከዛሬ ብቻዬን አቅፌያት ስመላለስ ሳላለቅስ የቀረሁት ሁሉ ነው መሰለኝ የመጣው።

ድንቡሼ ግራ ገባት። ከወለሉ ላይ ቁራጭ ጥጥ አንሥታ ክንዴ ላይ ጫነችው። ጥጡ እየተንሸራተተ አስቸገራት። የእሱን እጅ ጎትታ አመጣችና ጥጡ ላይ አደረገችው።

«ያዝ!» አለችው ቆጣ ብላ። «እንዳትለቅ!»

«አልለቅም» አላት፣ እኔን እያየ።