በማርዳ ዓይን ውስጥ ያለችው ነጥብ

በሰልዋ መንግሥት ዋና በር ላይ ሦስት መቶ ዓመት ቁልቁል ስትመለከት የኖረችው የንግሥት ማርዳ ሥዕል በአንድ ክፉ ጠዋት ዓይኖቿ ተልጠው ወደቁ። አገሩ ሁሉ ዋይ አለ። ጉራንግ የተባለው፣ የሰው እስትንፋስ እየጠጣ፣ ሰውን እየዋጠ የሚኖር አውሬ፣ ከእነዚያ ዓይኖች በቀር የሚፈራው አልነበረውምና።

ወጣቷ ሠዓሊ ዘምሪት በንጉሡ ፊት ተንበርክካ፣ «የማርዳን ዓይኖች ሳልይዝ ብመለስ እጄ ይድረቅ!» ብላ ማለች። የበሩን ሥዕል የሠራው የጥንቱ ሊቅ ሠዓሊ ጎርባ ማርዳን ሁለት ጊዜ ሥሏት ነበር፤ ሁለተኛው ሥዕል በዘርፍ ተራራ ዋሻ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ቀለም መበጥበጥ ያስተማሯት ሽማግሌው የኔታ አውርሶ ጉልበታቸውን እያሻሹም ቢሆን አብረዋት ወጡ።

ዘምሪት የዋሻውን ሥዕል እያየች ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሸራዋ ላይ ቀዳች። ቀጭኑን ቀለም ከሥር፣ ዘይት የበዛበትን ከላይ እያደረገች፣ ያንን ቡናማ ፊት አንዲት መስመር ሳታዛንፍ አወጣችው። በዐሥረኛው ቀን ጉራንግ ሽታቸውን ተከትሎ ተራራውን መውጣት ጀመረ። ሥዕሏን ከዋሻው አፍ አቆመችው። አውሬው ከሩቅ አየት አደረገውና መንገዱን ቀጠለ። ዘምሪት ወሽመጧ ቁርጥ አለ።

«ልጄ፣ የሣልሽው ከላይ የተቀባውን የማንጸባረቂያ ቅባት፣ የቫርኒሹን እርጅና ነው፤ ማርዳን አይደለም» አሉ የኔታ። «ዋናውን ሥዕል ጥረጊው!»

«የጎርባን ሥራ? አቧራውን እንኳ አትንኩ ብለው ያሳደጉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔው ነኝ። ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ።»

ቀለም በምታቀጥንበት ተርፔንታይን ጠረገችው። ቡናማው ሲለቅ የማርዳ ዓይኖች ቁጣ ሳይሆን እንባ ሞልቷቸው ተገኙ። ቀጂዎች ሁሉ በብሌኗ ላይ ጠብ የሚያደርጓት ነጭ ነጥብም ሰው ነበረች፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጉራንግ የሚሄድ ሰው። አውሬው የሚፈራው የዋጠውን ሰው መልሶ ማየት ኖሯል።

ዘምሪት ብሩሿን አነሳች። የኔታ እጇን ያዙ።

«ይህ ጎርባ የሸኘው ሰው ነው። እሱ የሸኘውን አንቺ መቅዳት አትችይም፤ የራስሽን ሰው ሸኝተሽ ሣዪ።» ከዘራቸውን አነሡ።

«የኔታ፣ በሞቴ፣ አይሂዱብኝ!»

«አልቅሺ፤ እጅሽ ግን እንዳይንቀጠቀጥ። እያየሽኝ ሣዪ።»

አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላሉም። እሷም እያነባች ሣለች። ጉራንግ ከበላው ላይ ቀና ሲል፣ አሁን የዋጣቸው ሽማግሌ በአዲሱ ሥዕል፣ በማርዳ ዓይን ውስጥ ከዘራቸውን ይዘው ሲመጡበት አየ። ጮኾ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ገደሉም ዋጠው።

ሥዕሉ በበሩ ላይ የተሰቀለ ዕለት ሰልዋ በእልልታ ቀለጠች። ንጉሡ አንገታቸውን አስግገው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ዓይኗ ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብ ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁ።

ዘምሪት ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ነጥብ አይደለችም፣ ንጉሥ ሆይ። የኔታ ናቸው።»